ፊልተሩ፣ ንስሩና አማቴ

በባለቤቴ ቤተሰብ ቤት ላስቲኩ የተነሳለት ዕቃ የለም። ሶፋው ከነላስቲኩ ነው። የአዳማ ሙቀት ሲከር እንግዳ ተቀምጦ ሲነሳ፣ ሱሪው ከላስቲኩ ሲላቀቅ የሚያሰማው ድምፅ ሰውየውን አንገት ያስደፋዋል። ሪሞቱ በላስቲክ ከተጠቀለለ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ቁጥሮቹ ጠፍተዋል፣ ሁሉም ቻናል የሚቀይረው በዳበሳ ነው። የፍሪጁ በር ላይ ፋብሪካው የለጠፈው ወረቀት እስካሁን እንዳለ አለ። "ምነው ይሄ አይነሳም?" ብዬ አንድ ጊዜ ብጠይቅ ባለቤቴ አሳዳጊ የበደለው ሰው እንደሆንኩ አድርጋ አየችኝ። "ቢጫርስ?" አለችኝ። ቢጫር ምን ይሆናል ብዬ አልቀጠልኩም። ከአማቱ ጋር አንድ ግቢ የሚኖር ሰው ሁሉን ነገር አይጠይቅም።

እንግዲህ ሌንስ የገዛሁ ቀን የሚመጣውን ማወቅ ነበረብኝ።

እኔ መሥሪያ ቤት ውዬ የምገባ ሰው ነኝ። የወፍ ፎቶ ያስጀመረኝ ለሥራ ባቱ ሄጄ ሐይቁ ዳር ያየሁት ነገር ነው። ፈረንጆች መድፍ የሚያካክሉ ሌንሶች ደግነው አንዲት ሚጢጢ ወፍ ከበዋል። ምን ጉድ ነው ብዬ ተጠጋሁ። አንዱ ደግ ሰው በሌንሱ እንዳይ ፈቀደልኝ፤ ወፊቱ ከማዶ ቄጠማ ተነስታ አፍንጫዬ ላይ መጣች። ከዚያ ወዲያ ሰው አልሆንኩም። በእኛ ሰፈር ዕቁብ የወጣለት ሰው ቆርቆሮ ይገዛል፣ እኔ ሌንስ ገዛሁ። ነገሩን ለባለቤቴ ያስረዳኋት ቀስ በቀስ ነው። አሁንም አስረድቼ አልጨረስኩም።

ሌንሱን ልንገዛ አዲስ አበባ የሄድነው አብረን ነው፤ ብቻዬን ብትልከኝ ሁለት ገዝቼ የምመለስ መስሏት ይሆናል። ሻጩ ቀልጣፋ ልጅ ነበር። ሌንሱን ካሜራዬ ላይ ገጠመና የሱቁን በር ከፍቶ "ሞክረው" አለኝ። መንገዱ ማዶ የመብራት ሽቦ ላይ አንዲት ርግብ ተቀምጣለች። አነሳኋት። የአንገቷ ላባ አንድ በአንድ ይቆጠራል። እኔ በደስታ አፌን ከፍቼ ስቆም ባለቤቴ ጎንበስ ብላ የሌንሱን ፊት ታያለች።

"ይሄ መስታወት እንዲህ ራቁቱን ነው እንዴ የሚሄደው?" አለች።

ሻጩ ይቺን ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ይመስላል። "እውነትሽን ነው እህቴ፣ ማልበስ ያስፈልጋል" ብሎ ከመሳቢያ አንድ ክብ መስታወት አወጣ። ፊልተር ይባላል። ሌንሱ ፊት ላይ እንደ ክዳን ተጠምዝዞ ይገባል፣ አቧራውን፣ ጭረቱን፣ ግጭቱን ሁሉ እሱ ይቀበላል። ባለቤቴ ወዲያው ወደደችው። ሌንሱ ሱቅ ውስጥ እንዳለ ለበሰ፣ ከዚያች ርግብ በቀር ራቁቱን ያየችው ወፍ የለችም።

አዳማ ስንገባ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣባት። ፊልተሩም መስታወት ነው። ገንዘብ የወጣበት መስታወት። "እሱስ ቢጫር?" አለች። እኔ ምን ልበል? ፊልተር የተሠራው ሊጫር ነው ብላት ጠብ ነው። ሌላ ፊልተር ተገዛ፤ ፊልተሩ ላይ ፊልተር አለበስን። እሷ ራሷ፣ የበርበሬ ጣሳ በሚከድን እጇ፣ እህ ብላ አጠበቀችው። እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ ብሎኛል። ሁለት መስታወት የለበሰ ሌንስ ይዞ መንገድ መውጣት ኩራት አለው።

ፎቶዎቹ በካሜራው ጀርባ ባለችው ትንሽ መስኮት ሲታዩ ልብ ይሰርቃሉ። መሥሪያ ቤት ይዤ ሄጄ አሳያለሁ፤ ባልደረቦቼ በየተራ ያዩና "ጎበዝ" ይሉኛል። በዚያች በክብሪት ቤት መጠን መስኮት ውስጥ የማያምር ነገር የለም።

አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ልብስ ሰፊ ናቸው። በረንዳው ላይ በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው መሥራት የጀመሩት ከእኔ ጋብቻ በፊት ነው። ያቺ መኪና ስትቆም ግቢው ራሱ የቆመ ይመስለናል። ታዲያ አንድ ጊዜ የአንድ ደንበኛ ጥቁር ሱሪ ጠርዝ በሰማያዊ ክር ተሰፍቶ ወጣ። ሰውየው ጨዋ ስለሆነ ምንም አላለም፣ ለብሶት ለቅሶ ሄደ። ሚስቱ ግን ለባለቤቴ ነገረቻት፣ ባለቤቴ ለእህቶቿ ነገረች፤ ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ተሰብስበው ከበቧቸው። "አባባ፣ ዓይንዎ ደክሟል፣ ይበቃዎታል፣ ይረፉ" ማለት ጀመሩ።

እሳቸው እንኳን ሊያርፉ ሊሰሙም አልፈለጉም። "ያን ዕለት መብራት ጠፍቶ ነበር፣ በሻማ ነው የሰፋሁት" አሉ። ዓይን ሐኪም ቤት ይሂዱ ሲባሉም "መርፌ የማስገባ ሰው ሐኪም ምን ይነግረኛል?" ብለው ዘጉት። ልጆቹ ግን አልተዋቸውም፤ ምሳ ላይ፣ ራት ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ያው ነው። ለካ ሰው እያረፈ ነው የሚሞተው ያሉኝ አንድ ቀን ለብቻችን ስንቀመጥ ነው። መኪናዋን ከነጠቋቸው ምን እንደሚሠሩ አያውቁም ነበር። እኔም አላውቅም ነበር።

እዚህ ላይ አፌን በቆረጠው። እሑድ ምሳ ላይ ያው ክርክር ተነስቶ እሳቸው ሲያኮርፉ ጨዋታ ላስቀይር ብዬ ከላንጋኖ ያመጣሁትን ንስር አነሳሁ። ዓሣ የሚያጠምደው፣ ራሱና ደረቱ ነጭ የሆነው። የቆመው ሐይቁ ውስጥ ገባ ብሎ በደረቀ ግንድ ላይ ነበር፣ እኔ ደግሞ ዳር ላይ። "የእኔ ሌንስ እኮ አባባ፣ ከዚያ ማዶ የንስሩን የዓይን ብሌን ያሳያል" አልኩ።

አማቴ ጉርሻቸውን አስቀመጡ። "ብሌኑን?"

"ብሌኑን።"

"እንግዲያው ጥሩ። ትልቅ አድርገህ አሳትመው። ለሚካኤል ዝክር ሰው ሁሉ ባለበት ግድግዳ ላይ ስቀለው። የንስሩን ዓይን ካየሁ፣ ከእንግዲህ ስለ እኔ ዓይን የሚያነሳ ሰው እንዳይኖር። ካላየሁ መቀሴን አስቀምጣለሁ፣ መኪናዋንም ለዚያች ልጅ እሰጣታለሁ።"

ያቺ ልጅ የሚሏት የባለቤቴን የአጎት ልጅ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ቀኑን ሙሉ እጅጌ ስትሰፋ ትውላለች፤ የራሷ መኪና እንዲኖራት እንደምትመኝ ሁላችንም እናውቃለን። ልጆቹ ተያዩ። ነገሩ አበቃ። ያንን ሁሉ ዘመን በረንዳ ላይ የኖረች መኪና በእኔ ፎቶ ላይ ተንጠለጠለች።

ፎቶው የታተመው የጠረጴዛ ስፋት ሆኖ ነው። ማተሚያ ቤት ሄጄ ስቀበል ትንሽ ብዥ አለብኝ። ወደኋላ ሸሸት ብዬ አየሁት፣ ያው ነው። አታሚው ግን "ዋው" አለ። እሱ በየቀኑ ፎቶ የሚያይ ሰው ዋው ካለ እኔ ማን ነኝ? የጠዋት ብርሃን ነው ብዬ ጠቅልዬ ወሰድኩት።

የዝክሩ ዕለት ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ፎቶው ከሶፋው በላይ ተሰቅሏል፤ ባለቤቴ ላስቲኩን እንዳላነሳው አስምላኝ ስለነበር ከነላስቲኩ ነው። እንግዳው የተባረከውን ዳቦ ይዞ በፊቱ እያለፈ ያደንቃል። "ውይ ሲያምር" ይላሉ። "እግዜር የፈጠረው፣ እጅህ ይባረክ" ይላሉ። የነፍስ አባታችን ቀረብ ብለው ትንሽ አዩና "ደመናው ደስ ይላል" አሉኝ። እኔም "ይመስገን አባቴ" አልኩ። በሩ ላይ ቆሜ ምስጋና ስቀበል ለምን ንስሩን ደመና አሉት ብዬ ራሴን እንኳ አልጠየቅኩም።

ከዚያ አማቴ ተነሱ። ፎቶው ድረስ ሄዱ፣ አፍንጫቸው ላስቲኩን ሊነካ ተጠጉ። ወደኋላ መለስ አሉ። አንገታቸውን ወደ ግራ አዘነበሉ፣ ወደ ቀኝ አዘነበሉ። ከዚያ ዞረው እኔን አዩኝ፤ ቆየት ብለው አዩኝ። እንደገና ወደ ፎቶው ተመለሱ።

"ዓይኑ አይታየኝም" አሉ።

ትልቋ ልጃቸው ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። "ብለን ነበር፣ ደክሟል ብለን ነበር" ትላለች። እሳቸው ቦታቸው ሄደው ተቀመጡና "ቃል ቃል ነው፤ ልጅቷ እሷ በሚመቻት እሑድ መጥታ መኪናዋን ትውሰድ" አሉ። ልጅቷ ጥግ ላይ ቆማ ደስ ልትሰኝ ወይ ልታለቅስ አላወቀችም። እንግዶቹ ደግሞ ለእሳቸው አዝነው ፎቶውን ይበልጥ ማድነቅ ጀመሩ፤ አንዱማ "ላባው ራሱ ይቆጠራል" አለ። ውሸታም።

በማግሥቱ አማቴ ዕውር ሆኑ። ማለቴ ሰፈሩ በሙሉ ዕውር አደረጋቸው። አንዱ ከዘራ ገዝቶ መጣ። ሽንት ቤት ሲሄዱ ሁለት ሰው ክንድና ክንዳቸውን ይይዛል፤ ቀጥ ባለው መንገድ ፈንታ እያዟዟሩ ሲወስዷቸው ደፍ ያደናቅፋቸዋል፣ "አያችሁ፣ ምንም አያዩም" ይባላል። ጎረቤት ሰላም ሲላቸው እየጮኸ ነው፤ ጆሮ ምን አደረገ? ታናሽቱ ልጅ ደግሞ አጠገባቸው ተቀምጣ ታጎርሳቸዋለች። "አባባ፣ አሁን ክትፎ ነው፣ አሁን ጎመን ነው" እያለች ታበሥራለች። እሳቸው ዝም ብለው ይጎርሳሉ።

አንዳንድ ነገር ይገርመኝ ነበር፣ አልዋሽም። አንድ ከሰዓት ግቢው በር ላይ ተቀምጠን ድምፅ የሌለው ብስክሌት በአጠገባችን ሲያልፍ እግራቸውን ቀድመው ሰበሰቡ። ሌላ ቀን ደግሞ ወተቱ ሊገነፍል ነው ብለው ከበረንዳው ተጣሩ። ባለቤቴ ሮጣ ደርሳ አወረደችው። "እንዴት አወቁ?" ስላቸው "ሸተተኝ" አሉኝ። ገና ያልገነፈለ ወተት ሊሸት? እኔም ዓይን ሲደክም አፍንጫ ይበረታል የሚባለው እውነት ነው ብዬ በመሥሪያ ቤት አወራሁት።

መኪናዋ በላስቲክ ተሸፍና በረንዳ ላይ ቆመች። እሳቸው አጠገቧ ይቀመጣሉ። እጃቸው ግን አይቀመጥም። የጋቢያቸውን ጠርዝ ይዞ ከወዲህ ወዲያ ሲያሽ ይውላል፤ ስፌቱን የሚያርም ይመስላል። ምግብ ቀነሱ። ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ሰው ሲመለስ ሲያዩት፣ ማለቴ ሲሰሙት፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ያኔ በጣም አዘንኩ። ፎቶ ባላነሳ፣ ወይ ሌላ ወፍ ባነሳ፣ ወይ አፌን ብዘጋ ብዬ ራሴን በላሁት።

ልጅቷ የምትመጣበት እሑድ ሲቃረብ እኔና ባለቤቴ ተጣላን። ነገሩ ከንቱ ነበር፤ ፎቶውን ከግድግዳው እናንሳው፣ አባባ ሲያዩት ያዝናሉ ብትለኝ፣ "አያዩትም እኮ" አልኳት። "ደግሞ ያንን የመሰለ ንስር ለምን አነሳለሁ?" ብዬ ጨመርኩ።

"የቱን ንስር?" አለች። "ይሄ ንስር ነው? ጥጥ ነው። የተበጠሰ ፍራሽ ነው። ዓይን አለው እንዴ?"

"ካየሽው ቀን ጀምሮ እንዲህ ነበር የሚታይሽ?"

"ከመጀመሪያው ቀን።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ሰው ፊት ላዋርድህ? ደግሞ ሁሉም ሲያደንቅ የእኔ ዓይን ነው ብዬ ፈርቼ ነው" አለችኝ። እሷም ለካ በድብቅ ለራሷ ዓይን ስትጨነቅ ከርማለች። ወጥቼ ሁለት ጎረቤት ጠየቅኩ። በሥላሴ ምለው እውነቱን እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። አንደኛው "እኔ በግ መስሎኝ ነበር" አለ። ሌላው "ላንጋኖ ጉም አለ እንዴ እያልኩ ነበር" አለኝ። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ከነነፍስ አባታችን፣ እኔን ላለማሳፈር አንድ ምስኪን ሽማግሌ ዕውር ሲሆን ዳቦ ይዞ ቆሞ አየ።

ካሜራዬን ከፍቼ የድሮዎቹን ፎቶዎች ኮምፒውተር ላይ አሰፋኋቸው። ሁሉም ጥጥ ናቸው። ፔሊካኑ ጥጥ፣ ሽመላው ጥጥ፣ ዳክዬው ጥጥ። አንዲት ብቻ ጥርት ያለች አለች፤ አዲስ አበባ ሽቦ ላይ ያነሳኋት ርግብ። በርግቧና በሌሎቹ መሀል ያለው ልዩነት አንድ ነው፤ ያኔ ሌንሱ ራቁቱን ነበር። ሩቅ የሚያይ ሌንስ ፊት መናኛ መስታወት ስታስቀምጥ ሌንሱ ወፉን ብቻ አይደለም የሚያጎላው፣ የመስታወቱንም ጥፋት አጉልቶ ይሰጥሃል። ሁለት ስታስቀምጥ ደግሞ እጥፍ ነው። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት አኩርፋ ቆየችና "እሺ አውልቀው፣ ለአባቴ ስል ነው" አለች። ከዚህ ቤት ላስቲክ ሊነሳ የመጀመሪያው ጊዜ ነበር።

አልወልቅ አለ። ባጠበቀችበት እጇ ራሷ ሞከረች፣ ንቅንቅ የለም። ሳሙና ቀባን፣ ይብስ ያዳልጣል። ጎረቤት ሴት ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት አለች፣ ሌላዋ ፀሐይ ላይ አስጡት አለች። ሁለቱንም አደረግን። በመጨረሻ ሌንሱን በፎጣ ጠቅልዬ ታቅፌ መንገድ ዳር ያለው ጎሚስታ ጋ ሄድኩ። እሱ የከባድ መኪና ጎማ የሚፈታ ሰው ነው፤ ይሄን ካልፈታ ማን ይፈታል?

"አካም፣ ፈያ?" ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለኝ። ፎጣውን ገልጬ አሳየሁት። አዟዙሮ አየው። "ይተነፍሳል?" አለ።

"ጎማ አይደለም፣ ካሜራ ነው።"

"ውሃ ውስጥ ከትቼ ልየዋ፣ አረፋ ካወጣ ይታወቃል።" ወደ ገንዳው ሊወስደው ሲል ክንዱ ላይ ተንጠለጠልኩ። እስኪገባው አስረዳሁት። ከዚያ ከአሮጌ ካላማዳሪ አንድ ቀጭን ጎማ ቀደደ፣ ፊልተሩን ዙሪያውን ጠቀለለው፣ እኔ ሌንሱን በሁለት ጉልበቴ መሀል ይዤ መሬት ተቀመጥኩ፣ እሱ ቆሞ ይጠመዝዛል። ጎማ ሊያስነፉ የመጡ ሾፌሮች ከበው "ግፋ፣ በለው" ይላሉ። ሦስት ጊዜ ከነሌንሴ ዞርኩ። በኋላ ሁለቱም ፊልተሮች አንድ ላይ ቋ ብለው ወጡ። ለየናቸው። በመካከላቸው የአዳማ አቧራ፣ የቅቤ ጣት አሻራና አንዲት የሞተች ጉንዳን አሉ። እኔ እንግዲህ የስምጥ ሸለቆን አዕዋፍ በሙሉ ያነሳሁት በጉንዳን ሬሳ በኩል ነው።

ቅዳሜ በጠዋት ላንጋኖ ሄድን። ባለቤቴ "ራቁቱን ብቻውን አይሄድም" ብላ ተከተለች። ሌንሱ ሲገዛ አብሮት የመጣ፣ ፊቱ ላይ እንደ ጎራዳ ቧንቧ የሚገባ ጥቁር መከለያ ነበር፤ ፀሐይም ግጭትም ይከላከላል፣ መስታወት ስላልሆነ ምንም አያደበዝዝም። ያን ገጠምኩ። አልበቃትም፣ ጃንጥላ ይዛ ከላይ ቆመች። ቡናማው ውሃ ዳር እኔ በሆዴ ተኝቼ፣ እሷ ለሌንሱ ጃንጥላ ዘርግታ፣ ለእኔ አይደለም፣ ለሌንሱ፣ እኔማ ፀሐዩ ላይ ነኝ፣ እንደዚያ ሆነን ረፋዱ አለፈ። የመዝናኛው ጥበቃ መጥቶ ምን እንደምንለካ ጠየቀን። "ውሃውን ነው" አለችው ባለቤቴ፣ ለማሳጠር። ጥበቃው "በጣም ሸሽቷል አይደል?" ብሎ አዝኖ ሄደ።

ንስሩ መጣ። ያ ደረቅ ግንድ ላይ አረፈ። ነፋስ ተነሳና አሸዋ ሲያመጣ ባለቤቴ ዓይኗን ጨፍና ጃንጥላውን ሌንሱ ፊት ዘረጋችው። "አንሺው" አልኳት። "ይጫራል" አለች። "ይጫር" አልኩ። በትዳራችን ውስጥ ይህን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። እሷም ጃንጥላውን አጠፈች። ንስሩ አንገቱን አዙሮ ወደ እኛ ሲያይ ጠቅ አደረግኩ።

እሑድ አማቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። ልጅቷ ባጃጅ ይዛ መጥታለች፣ ባጃጁ በር ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ይነፋል። ሁሉም ልጆች መኪናዋን ሊሸኙ ተሰብስበዋል፣ ትልቋ ደግሞ እያለቀሰች ነው። አዲሱን ፎቶ አምጥቼ ፊታቸው አቆምኩት። ያለ ላስቲክ።

ያኛው ቀን ሲያደንቁ የነበሩት ሁሉ አሁን ቃል አጡ። ቢጫው መንቁር፣ ነጩ አንገት፣ ጥቁሯ ዓይን፣ ውስጧ የሐይቁ ብርሃን።

አማቴ ከተቀመጡበት አልተነሱም። ከዚያው ሆነው "ይሄኛው ዓይን አለው" አሉ።

"ያኛውስ?" አልኩ።

"ያኛው ዓይን የለውም።"

"ያኔ አውቀው ነበር?"

"ዓይን የሌለው ነገር ላይ ዓይን አየሁ ልበል? ዋሽቼ አላውቅም። ዓይኑ አይታየኝም አልኩ። ዋሸሁ?"

"አልዋሹም። ግን ፎቶው ተበላሽቷል አይሉኝም ነበር?"

"ያ ሁሉ ሰው ፊት?" አሉ፣ ለሞኝ እንደሚናገሩ ቀስ ብለው። "አንተ በሩ ላይ ቆመህ እጅህ ይባረክ ሲሉህ ጥርስህን ስትከፍት? ዕቁብህን ያፈሰስክበት ነገር ነው። ልጄን የሰጠሁህ ሰው ነህ። እኔ ቢበዛ መኪና ነው የማጣው።"

ያቺ ስታጎርሳቸው የነበረችው ታናሽ ልጅ ወደ ጓዳ ገባች። ልጅቷ መኪናዋን የያዘ እጇን አነሳችና በር ወጥታ ባጃጁን መለሰችው። ሾፌሩ ለመቆሜም ይከፈለኝ ብሎ ትንሽ ጮኸባት። እኔ ቆሜያለሁ። አፈርኩ፤ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው አማቴ በመሆኑ ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ፣ ሁለቱ ስሜቶች እንዴት አንድ ደረት ውስጥ እንደሚገቡ አላውቅም።

"ና ወዲህ" አሉኝ። ጎንበስ አልኩ። የሸሚዜን አንገት ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። "ይቺ ቁልፍ ከዝክሩ ማግሥት ጀምሮ በአንዲት ክር ተንጠልጥላለች። እንዲህ ሆነህ በየቀኑ በፊቴ አልፈህ ሥራ ትሄዳለህ። አንጀቴ ሲያርር ከረመ። ዕውር ሰው ደግሞ ቁልፍህ ሊወድቅ ነው አይል።"

ከኮታቸው ገበር ላይ የተሰካችውን መርፌ ነቅለው ክር አስገቡ፣ በአንዴ ገባ። ጣታቸውን አገጬ ሥር አድርገው ቀና አደረጉኝ።

"አትንቀሳቀስ" አሉ፣ "እንዳልወጋህ። ደግሞ አታልቅስ፣ ክሩን ታረጥበዋለህ።"